ምንም ያልታየበት ውሃ

ይህን ታሪክ ከሰው ሰው አልሰማሁትም። በዓይኗ ያየችው አክስቴ ናት፤ ዛሬም በሕይወት አለች፤ ቤቷ አዳማ ነው። ያላመነ ሄዶ ይጠይቃት። ግን በትሕትና ይጠይቅ፣ ትቆጣለች።

አስፈሪ ታሪክ ሁሉ በእኩለ ሌሊት ይጀምራል አይደል?

ይኼኛው በጠራራ ፀሐይ ነው የጀመረው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1972 ዓ.ም.። ከቀኑ ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ... ቀትር። ቦታው ዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር።

አክስቴ አሮጊቶች «በቀትር ውሃ ዳር አይቆምም» ሲሉ እየሰማች ነው ያደገችው። ትስቅባቸው ነበር። ሳይንስ የተማረች ልጅ ናት፣ ለምን አትስቅ።

ስሟ ወሰንየለሽ ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ከናዝሬት ሄዳ ለአንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ተቀጥራ ነበር። ቤተ ሙከራ ተብሎ የተሰጣት አንድ ክፍል ነው። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ የላምባ ምድጃ፣ ከሱቅ የተለመኑ ባዶ የከረሜላ ጠርሙሶች። በቃ።

ከክፍሏ ፊት ለፊት የሲሚንቶ ገንዳ አለ። አስጋሪዎቹ የያዙትን ዓሣ የጭነት መኪናው እስኪመጣ በሕይወት የሚያቆዩት እዚያ ውስጥ ነው።

ያን ቀን ገንዳው ዝም ብሏል።

«ዓሣ የሞላው ገንዳ ዝም አይልም» ትላለች አክስቴ። «ጅራቱን ይመታል፣ ይንቦጫረቃል። ያን ቀን ግን... ምንም።»

ቀረብ ብላ አየች።

ዓሦቹ በጎናቸው ተንሳፍፈዋል። ሁሉም።

ዓይናቸው ፈጥጧል። ሆዳቸው ተነፍቷል። በእያንዳንዱ ዓሣ ጎን ላይ፣ ከመተንፈሻው ኋላ፣ ቀይ ምልክት አለ። አውራ ጣት የሚያህል...

የሁሉም አንድ ቦታ ላይ ነው።

አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ የዝዋይ ወፎች እንዴት ሆዳም እንደሆኑ የሚያውቅ ያውቃል። አሮጌ ጫማ ብትወረውርላቸው እንኳ ተሻምተው ይውጣሉ። ያን ቀን ከገንዳው አርባ እርምጃ ያህል ርቀው በሰልፍ ቆመዋል። አንድም የቀረበ የለም።

ዝንብ የለም። ሽታም የለም።

ከገንዳው ጠርዝ ላይ ጠባቂው ኡርጌሳ ቆሟል። ስድሳውን ያለፈ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሐይቁ ላይ የኖረ ሰው ነው።

«ኦቦ ኡርጌሳ... መቼ ነው?»

«ጠዋት ደህና ነበሩ።»

«የነካቸው ሰው አለ?»

«የለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ... እኔ ተናግሬ ነበር።»

እውነቱን ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በስብሰባ ላይ ተነስቶ «ይህ ገንዳ ሦስት መቶ ዓሣ ነው የሚይዘው። ሺህ ከጨመራችሁበት ውሃው ይታመማል» ብሎ ነበር። ግን ሜይ ዴይ ደርሷል። ናዝሬት ላይ ግብዣ አለ፣ ዓሣው የግድ መሙላት አለበት። የማኅበሩ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ አምባዬ ከመድረኩ ላይ ሆኖ እንዲህ መለሰለት፦

«ውሃ አይታመምም። የሚታመመው የአድኃሪ አእምሮ ነው።»

ተጨበጨበ። ኡርጌሳም ተቀመጠ።

አሁን አምባዬ እየገሰገሰ መጣ። ገንዳውን አየ። ከዚያ ኡርጌሳን አየ። ወደ ወሰንየለሽ ዞረና «መርምሪ» አላት። «በአንድ ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ እፈልጋለሁ።»

እዚህ ላይ አክስቴ ስህተት ሠራች። አርባ ዓመት ሙሉ ስትናገረው ድምፅዋ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው።

ከአንዱ ዓሣ ሆድ ውስጥ ቀላ ያለ ፈሳሽ በመርፌ ቀዳች። ጭቃና ቅርፊት የበዛበት ነው። የዝዋይ ውሃ ሁልጊዜም ጭቃ ነው፤ እዚያ አገር ማንም ሰው ውሃን በሸክላ ማጣሪያ ሳያሳልፍ ምንም አይሠራበትም። አምባዬ ከበሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እጇ ልማዱን አደረገ... ፈሳሹን ማጣሪያው ውስጥ ጨመረችው።

ጠብ፣ ጠብ እያለ ወረደ። ጥርት ያለ።

ጠብታውን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጋ አየች። ምንም የለም። ደግማ አየች። ምንም።

እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «በናሙናው ውስጥ ምንም ተህዋስ አልታየም።» ፈረመች። ማኅተም አደረገችበት።

አምባዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከስሩ «ጸድቋል» ብሎ ፈረመበት፣ ፈገግም አለ።

«ተህዋስ ከሌለ መርዝ ነው» አለ። «መርዝ ደግሞ ራሱ ሄዶ ገንዳ ውስጥ አይገባም። የሚጨምረው እጅ አለ።»

ኡርጌሳን ወስደው የመረብ መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት። የወባ መከላከያውን ዲዲቲ ገንዳው ውስጥ ጨምሯል፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ተባለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ላንድሮቨር ከናዝሬት መጥቶ ይወስደዋል።

በዚያ ዘመን ላንድሮቨር ወስዶት የተመለሰ ሰው ዝዋይ ላይ አይታወቅም።

የሚወስደው ደግሞ በአክስቴ ፊርማ ነው።

ረቡዕ ቀትር ላይ ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣለች። መደርደሪያው ላይ አራት የከረሜላ ጠርሙሶች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ከሐይቁ መሀል የተያዘ ቆሮሶ የሚባለው አንድ ጤነኛ ዓሣ አለ። በስተግራ ያ ጥርት ያለው ፈሳሽ በትንሽ ብልቃጥ ታሽጎ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው።

አራቱም ዓሦች ወደ ቀኝ ተጣብቀዋል።

ብርሃኑ ነው ብላ መጋረጃውን ጋረደች። አልተንቀሳቀሱም። ብልቃጡን አንስታ በስተቀኝ አስቀመጠችው...

አራቱም ወደ ግራ ሄዱ።

መልሳ ወደ ግራ ወሰደችው። ወደ ቀኝ ሄዱ።

ብልቃጡ የታሸገ ነው። ዓሦቹ ያሉት በየራሳቸው ውሃ ውስጥ ነው። የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ክፍሉ በሙቀት ይነዳል፣ እሷን ግን በረዳት።

ዓሣ የምታጥበው ዙሀራ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«ወስኔ... ምን ታደርጊያለሽ?»

«ዝም በይ። እያቸው።»

ብልቃጡን አዞረች። ዓሦቹ ዞሩ።

«አስተግፊሩላህ... ውስጡ ያለው ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ምንም የለም። እኔው ፈርሜበታለሁ።»

ዙሀራ እጇን ጨብጣ ወደ በሩ ሳበቻት። «ተይው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም?»

«ይውጣ» አለች ወሰንየለሽ። «ወጥቶ ልየው።»

መርፌውን አነሳች። ከጠራው ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ቀዳችና አንዱን ዓሣ ጅራቱ አጠገብ ወጋችው። ጅራቱ አጠገብ ነው፣ ልብ በሉልኝ።

ከአራት ሰዓት በኋላ ቀዩ ምልክት ወጣ።

የወጣው ግን ጅራቱ ላይ አይደለም። ከመተንፈሻው ኋላ ነው... አውራ ጣት የሚያህል።

ዓሣው በጎኑ ተንሳፈፈ። ምንም ባልታየበት ውሃ ሞተ።

ሐሙስ ዕለት መጋዘኑ ጋ ሄደች። የመጋዘኑ ዘበኛ ምሳውን ሊበላ ዞር ብሏል። በሳንቃው ስንጥቅ በኩል የሽማግሌው አንድ ዓይን ብቻ ይታያል።

«ኦቦ ኡርጌሳ፣ ይቅር ይበሉኝ። የገደልኩዎት እኔ ነኝ።»

«ገና አልሞትኩም እኮ። ምን አገኘሽ?»

«ምንም። ዓሣውን የሚገድል ነገር አለ፣ ግን ውስጡ ምንም የለም።»

 ኡርጌሳ አፉን ወደ ስንጥቁ አስጠጋ።

«ኢንታላ ኮ... እባብ ላም ይነድፋል። ነድፎ ይሄዳል። ላሟ የምትሞተው እሱ ጉድጓዱ ገብቶ ከተኛ በኋላ ነው።»

«እሺ...»

«የላሟን ሬሳ ከፍተሽ እባብ ብትፈልጊ ታገኛለሽ?»

ወሰንየለሽ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ማጣሪያው።

እየሮጠች ተመለሰች። የማጣሪያውን ሸክላ ነቅላ በላዩ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በምላጭ ፋቀችና ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገችው። ይርመሰመሳል። በትር በትር የሚመስል ባክቴሪያ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው፣ ይዋኛል። እባቡን ጭቃው ጋር አስቀርታ የመረመረችው ምራቁን ነበር።

አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ የነገራቸው ትዝ አላት። የዓሣ በሽታ የሚያመጡ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከውስጣቸው ፕሮቲን ያመነጫሉ። ያ ፕሮቲን ነው ሥጋውን የሚያሟሟው፣ የደሙን ሕዋስ የሚያፈነዳው። ባክቴሪያው ሞቶም፣ ተጣርቶም፣ የረጨው ነገር ሥራውን ይቀጥላል።

ወደ አምባዬ ሄዳ ነገረችው። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ጭቃ ውስጥ ተህዋስ መኖሩን ሕፃን ልጅም ያውቃል። አልታየም ብለሽ ፈርመሻል። ደግመሽ ብትመጪ ላንድሮቨሩ ለሁለት ሰው ቦታ አለው።»

ፈርታለች። አልዋሽላችሁም። ግን አክስቴን ስለማውቃት እነግራችኋለሁ፤ እሷ ስትፈራ ትቆጣለች፣ ስትቆጣ ደግሞ ጭንቅላቷ ይሠራል።

ፕሮቲን ማለት የእንቁላል ነጩ ነው። እንቁላል ከተቀቀለ በኋላ ወደ ጥሬነቱ አይመለስም። ዲዲቲ ግን እንቁላል አይደለም። ብታፈላውም ያው ዲዲቲ ነው።

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የላምባ ምድጃዋን ለኮሰች።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ላንድሮቨሩ ግራሩ ጥላ ስር ቆሟል። የማኅበሩ አባላት በሙሉ ተሰብስበዋል። ኡርጌሳ እጁ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

ወሰንየለሽ ሦስት የከረሜላ ጠርሙሶች በትሪ ተሸክማ መጣች። ማንም አልጠራትም። መሀል ገብታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ትንሹን ብልቃጥና አንድ ብርጭቆም አጠገባቸው አስቀመጠች።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አምባዬ።

«ምርመራው አላለቀም ነበር፣ ጓድ። አሁን አልቋል።»

ጣቷን ወደ ጠርሙሶቹ ዘረጋች። 

«የመጀመሪያው ዓሣ በጥሬው ፈሳሽ ተወግቷል፤ ሞቷል። ሦስተኛው ዓሣ ያለበት ውሃ ውስጥ ዲዲቲ አፍልቼና አቀዝቅዤ ጨምሬአለሁ፤ ሞቷል። ዲዲቲን እሳት አያሸንፈውም። መሀለኛው የተወጋው ገንዳችሁን በገደለው በዚያው ፈሳሽ ነው፤ ግን አፍልቼዋለሁ።»

ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

መሀለኛው ዓሣ ይዋኛል። ከመተንፈሻው ኋላ ቀይ ምልክት ወጥቶበት ነበር... ግን ተዘግቷል። ጠባሳ ሆኗል።

«ዲዲቲ ቢሆን ኖሮ ይኼም ይሞት ነበር። ዓሦቻችንን የገደለው መጨናነቅ ያመጣው በሽታ ነው። ኦቦ ኡርጌሳ ይታመማል ብለው ነበር፤ ታመመ።»

የአምባዬ ፊት ጠቆረ። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«እንዲህ ካመንሽበት... ጠጪው።»

የፈላው ፈሳሽ በብርጭቆው ውስጥ ነበር። አነሳችው። የዙሀራን ለቅሶ ሰማች። በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። ጣዕሙ ዛሬም ምላሷ ላይ አለ ትላለች፣ ከዚያ ቀን ወዲህም ዓሣ በልታ አታውቅም።

ብርጭቆውን አስቀመጠችና ትንሹን ብልቃጥ ወደ እሱ ገፋችው።

«ይኼ ደግሞ ያልፈላው ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ምንም አልታየበትም። እርስዎም አጽድቀው ፈርመዋል። ይጠጡት።»

አምባዬ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ብልቃጡ ላይ ሳይደርሱ ቆሙ።

መሀለኛው ዓሣ ዞሮ ወደ እሱ መጣ። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ሳይንቀሳቀስ አየው።

አምባዬ እጁን ሰበሰበ። አንድ እርምጃም ወደ ኋላ ሄደ።

ከሕዝቡ ውስጥ አንድ ሰው «ሽማግሌውን ፍቱት» አለ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ከዚያ ሌላ ሰው ደገመው። ከዚያ ሁሉም። አንድም ሰው አልጮኸም፤ ግን የሚያቆመው አልነበረም። ዘበኛው አምባዬን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታው።

የላንድሮቨሩ ሾፌር ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ጓድ፣ አንድ ሰው ትጭናለህ ተብዬ ነው የመጣሁት። ባዶዬን አልመለስም።»

«እኔ ሄጄ ሁኔታውን አስረዳለሁ» አለ አምባዬ። ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር።

ወሰንየለሽ መንገዱ ላይ ቆመችበት።

«ወረቀቴን።»

«ሰነዱ የመንግሥት ነው።»

«ስሙ የእኔ ነው።»

ተያዩ። ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣትና መኪናው ላይ ወጣ። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ሁሉም ቆሞ አየ።

አምባዬ ዝዋይ አልተመለሰም። ሹመት አገኘ ያለ አለ፣ ሌላ ያለም አለ። የሚያውቅ የለም።

ኡርጌሳ የተፈታ እጁን እያሻሸ መሀለኛውን ጠርሙስ አነሳ። ሐይቁ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ዓሣውን ለቀቀው። ገንዳውን በኖራ አጠበ፣ ከዚያ ወዲያ ከሦስት መቶ በላይ ዓሣ አላስገባበትም። ብዙ ዓመት ኖሮ በገዛ አልጋው ላይ ሞተ። ለዚያ ዘመን ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ እኔ ሳስበው ደስ ይለኛል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም አልጽፍላችሁም ነበር።

አምና ለልጄ ከአዳማ ገበያ ስድስት የጌጥ ዓሦች ገዛሁላት። አምስቱ ባለ ቀለም ናቸው፣ አንዱ ነጭ። አክስቴ ልትጠይቀን መጣች። እኔም ቀልደኛ ነኝና «አክስቴ፣ ያንን የዝዋዩን ታሪክ ትንሽ ጨማምረሽበታል መቼም» አልኳት።

አልተቆጣችም። ይኼ ራሱ አስደነገጠኝ።

ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ቢጫ ወረቀት፣ ያንኑ የፈረመችበትን፣ አወጣችና ከዓሦቹ መስታወት በስተግራ አስቀመጠችው። የግድግዳ ሰዓታችንን አየሁ። ለስድስት አሥር ጉዳይ ይላል።

አምስቱ ዓሦች ወደ ቀኝ ሄደው ተጣበቁ።

ወረቀቱን አንስቼ በቀኝ በኩል አስቀመጥኩት። ወደ ግራ ሄዱ። ደግሜ አዞርኩት። 

«አክስቴ... አቃጥዪው።»

«ለምን አቃጥለዋለሁ? ወረቀት ነው። ምንም የለበትም።» ሳቀች። «አርባ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። እኔ አልፈራውም። ሌላ ሰው እጅ ከሚገባ እኔ ጋ ይቀመጥ።»

ያኔ ነው ነጩን ዓሣ ያየሁት።

እሱ አልሸሸም ነበር።

ወረቀቱን ስወስድ ተከትሎ ይዞራል። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ፊት ለፊት ያየዋል። ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩት...

ከመተንፈሻው ኋላ የተዘጋ ጠባሳ አለ። አውራ ጣት የሚያህል።